አፈኛው ተቀጠረ፤ ሥራውን ማን ይሥራው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች ለአንዱ እንግዳ ተቀባይ ልትቀጥሩ ነው እንበል። አንደኛው አመልካች ገና ከበሩ ሲገባ ቀልድ ጣል አድርጎ ፈታኞቹን ሁሉ ያስቃል። ሁለተኛዋ የተጠየቀችውን ብቻ መልሳ ዝም ትላለች፤ ግን ከቀጠሮዋ ሩብ ሰዓት ቀድማ ደርሳለች፣ ማስረጃዎቿንም በየተራቸው አሰናድታ መጥታለች። የትኛውን ትወስዳላችሁ? እኔ ሳልዋሽ ልናገር፣ ልቤ ወደ ተጫዋቹ ነው የሚሄደው። የሥነ ልቦና ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሙት ማስረጃ ግን ወደ ዝምተኛዋ ያደላል። ይህ ነገር እየገረመኝ ነው ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመዝገበ ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው፣ ሰውን ከሰው የሚለዩ ቃላትን ሲለቅሙ ወደ 18,000 ደረሰላቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ያን ክምር ሲያጣሩና አብረው የሚሄዱትን ሲያቧድኑ ኖረው፣ በመጨረሻ አምስት ላይ ቆሙ፦ ትጋት (ሰዓት ማክበር፣ ሥርዓት መያዝ፣ የጀመሩትን መጨረስ ሁሉ እዚህ ይገባል)፣ ተጫዋችነት፣ ገርነት፣ አዲስ ነገር ወዳድነትና ጭንቀታምነት። አምስቱም በሁላችንም ውስጥ አሉ፤ የምንለያየው በመጠን ነው። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አራት ፊደል ሰጥተው «የእናንተ ዓይነት ይህ ነው» የሚሏችሁን መጠይቆች ለጨዋታ ያዟቸው እንጂ ሰው አትቅጠሩባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1991 መሬይ ባሪክና ማይክል ማውንት 117 ጥናቶችን አንድ ላይ አምጥተው ወደ 24,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ መረመሩ። የቢሮ ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሻጩ፣ የእጅ ሙያተኛው ሁሉ ነበረበት። በእነዚህ ሁሉ መስኮች ከሥራ ውጤት ጋር ሳያቋርጥ አብሮ የተገኘው ትጋት ነው። ተጫዋችነት ለሻጭና ለሥራ አስኪያጅ ጠቀመ፤ ለሌላው እምብዛም። እንዲያውም ሽያጭ ላይ ራሱ ነገሩ እንደምናስበው አይደለም። አዳም ግራንት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት በስልክ የሚሸጡ 340 ሠራተኞችን ተመልክቶ፣ ብዙ የሸጡት በዝምተኛውና በለፍላፊው መካከል ያሉት ሆነው አገኛቸው። ለፍላፊ ሻጭ ገዢውን አያዳምጥማ! መርካቶ ወርዶ ጫማ የገዛ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም።

ትምህርት ቤትም ቢሆን እንዲያው ነው። አርተር ፖሮፓት እ.ኤ.አ. በ2009 ከ70,000 በላይ ተማሪዎችን የሚሸፍን መረጃ አሰባስቦ ሲያየው፣ ትጉህ ተማሪ የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ ይህም ከአእምሮ ብሩህነት ጋር ብዙም የተያያዘ አይደለም። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ይዞት የመጣው ውጤት ከታሰበ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ለመገመት ትጋቱ የአእምሮ ብቃቱን ያህል ይረዳል። ጎበዙና ጎባጣው፣ ማለትም ቀለም የሚገባውና ደብተር ላይ አጎንብሶ የሚያመሸው፣ ግቢ ውስጥ እኩል ይፎካከራሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ዝምድናው አለ ማለት ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መለኪያ 0.2 አካባቢ ነው። በትጋት ከመካከለኛው ሰው በላይ የሆኑ 100 ሰዎችን ብትወስዱ፣ በውጤትም ከመካከለኛው በላይ የሚሆኑት 56 ገደማ ናቸው፤ እንዲያው በዕጣ ብትመርጡ 50 ታገኙ ነበር። ሺህ ሰው ለሚቀጥር ባንክ ይህች ልዩነት ብዙ ናት። በአንድ ልጅ ላይ ለመፍረድ ግን አትበቃም።

ደግሞም ጠባይ የሚነግረን አንድ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ልጆች ለምን እንደሚበላለጡ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅ ሌላ ነገር ፈልጉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ «ትውልዱ ሰነፈ» ያለው ሰው ብዙ ነበር። እኔ አልቀበለውም። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ትጉህ ልጅ ጠፋ? መምህሩን፣ መጽሐፉን፣ የፈተናውን አሰጣጥ ሳይጠይቁ ወደ ልጁ ጠባይ መሮጥ ስንፍናው የተናጋሪው ነው።

እሺ፣ ትጋት ይጠቅማል እንበል፤ በምን ይለካል? የተለመደው መንገድ መጠይቅ ነው፦ «ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም።» ሥራ ፈላጊ «አልስማማም» ይላል? ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ23 አዳጊ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ሲፈትሹ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ፊት ለፊት በቃል ሲጠየቁ እንለካለን የሚሉትን ጠባይ በቅጡ እንደማይለኩ አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት መላሹ የተባለውን ሁሉ «አዎ» ማለቱ ነው። ይሉኝታ የሚያውቅ አገር ውስጥ ይህ አይጠፋንም። እቤቱ መጥታ፣ እስክሪብቶ ይዛ በትሕትና የምትጠይቅን ልጅ ማን ያሳፍራታል?

እና ምን ይደረግ? መልሱ ከካዛንቺስ ብዙም ሳንርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ሌሎች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 3,000 የሚሆኑ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ይዘው ሙከራ ጀመሩ። ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች መሀል ከተማ ነበሩ፤ ልጆቹ ደግሞ ከዳር ዳሩ ነበር የሚመጡት። ስለዚህ በዕጣ ለተመረጡት አንደኛ ቡድን የመጓጓዣ ሂሳብ ተከፈላቸው። ሌላው ቡድን እኛ ኮሜርስ የምንለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ባዘጋጀው ሥልጠና ገባ፤ ስለ ማመልከቻና ስለ ቃለ መጠይቅ ተማረ፣ ተፈተነ፣ ውጤቱም በምስክር ወረቀት ተሰጠው። አሁን ጆሮ ስጡኝ፣ የምወደው ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ከፈተናዎቹ ሦስቱ የማመዛዘን፣ የቋንቋና የሒሳብ ነበሩ። አራተኛው ሥራ ማሠራት ነበር፦ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ በሰዓት ተጣድፎ መረጃ መመዝገብ፣ በመጨረሻም የምዝገባ ሥራ ቤት ይዞ ሄዶ በተባለው ቀን ማምጣት።

በተባለው ቀን ማምጣት! «ትጉህ ነህ ወይ» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀኑ ደረሰ፣ ወረቀቱ መጣ ወይስ አልመጣም?

መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ቡድኖች ቋሚና መደበኛ ሥራ በማግኘት ረገድ ተጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲያዩ የታክሲው ብር ጥቅም ጠፍቷል። የምስክር ወረቀት የያዙት ግን ካልሠለጠኑት ጋር ሲነጻጸሩ ገቢያቸው 20 በመቶ ያህል በልጧል፤ ሥራቸው ላይም ቆይተዋል፣ ወደውታልም። ከሁሉ የበለጠ የተጠቀሙት ደግሞ ያለዚያ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ የሆኑት ናቸው። እርግጥ ወረቀቱ ላይ አራት ፈተና አለ፤ ውጤቱን ሁሉ ለትጋት ብቻ መስጠት አይቻልም። ግን ልጆቹ ቀጣሪ ዓይን የማይገባ ችሎታ እንደነበራቸው፣ ሲታይላቸውም እንጀራ እንደሆናቸው ተረጋግጧል።

ድሮ ካዛንቺስ ውስጥ ይህን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሰፈሩ ነበር። ዕቁብ የሚጥል ሰው ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ዕጣ ከወጣለት በኋላ ማን እንደሚያንገራግር ያውቃል፤ ለዚህም ነው ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ዋስ የሚጠራው። ለልጇ ሥራ የምትፈልግ እናት አንዱን ሱቅ ጠጋ ብላ «ልጁን ታውቀው የለ» ማለት ይበቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ የከተማው የኮሪደር ልማት ሰፈሩን ሲያፈርሰው ነዋሪው ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሌላም ቦታ ሄደ። ቤቱ ምትክ ተሰጠው እንበል፤ ጠባዩን የሚያውቁ ምስክሮቹ ግን ተበታትነዋል። አዲስ ሰፈር ላይ ትጉሁም ሰነፉም እኩል እንግዳ ናቸው። ከድሮ ይልቅ አሁን ወረቀት የሚያስፈልገን ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እናንተ የምትቀጥሩ ወዳጆቼ፣ የቃለ መጠይቁን ሰዓት አሳጥሩና ለአመልካቾቻችሁ አነስ ያለች እውነተኛ ሥራ ቀን ቆርጣችሁ ስጧቸው። ለሠሩበትም ክፈሏቸው፤ የታክሲ ሂሳብ ተበድሮ የሚመጣው ብዙ ነው።