የማይዝገው ብረት ከተራ ብረት ጋራ ሲበየድ

የቤት ዕቃ ደኅና ሆኖ የሚኖረው በገዢው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጠባቂው ዕውቀት ጭምር ነው። ከማድ ቤታችን የሸክላውንና የመዳቡን ስፍራ እየወሰደ የሄደው የማይዝግ ብረት፥ ነጋዴዎች ስቴንለስ ስቲል የሚሉት፥ ለዚህ ነገር ምስክር ነው።

በአዊ ምድር፥ በጥርባም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ፥ ክረምቱ ብርቱ ዝናሙም ብዙ ስለ ሆነ ተራ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ለውሃና ለወተት ዕቃ የማይዝገውን መምረጥ መልካም ነው። ነገር ግን የዕቃው እግር ወይም ጆሮ ተሰብሮ ተራ ብረት ሲቀጠልበት፥ ብየዳው በብልሃት ካልተደረገ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ብረት የማይዝግበት ምክንያት እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1905 ዓ.ም. በሼፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈ ሙዝ የሚበረታ ብረት ሲፈልግ፥ ክሮሚየም የሚባለውን ማዕድን ከብረት ጋራ ቢያዋሕድ ዝገት የማይደፍረው ሆኖ አገኘው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋራ ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ ያበጃል፤ ልባሱ ቢፋቅም ራሱ ይመለሳል። በማድ ቤት የምናየው አብዛኛው ከመቶው 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት ነው።

ይህና ተራው ብረት በመልክ ቢቀራረቡም በጠባይ ይለያያሉ። የማይዝገው በእሳት ሲግል ከተራው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይለጠጣል፤ ሙቀትን ግን የሚያሳልፈው በዝግታ ነው። ሁለቱ በተራ የብየዳ ዘንግ ቢያያዙ፥ በቀለጠው ውስጥ ክሮሚየሙና ኒኬሉ ይሳሳሉ፤ መጋጠሚያውም ሲቀዘቅዝ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ዕለቱን ደኅና መስሎ ይታያል፤ ውሎ አድሮ ግን ይሰነጠቃል፥ ዝገትም በዚያ ይገባል።

ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ የሁለቱን ወገን ጠባይ የሚያውቅ ሽማግሌ እንደሚፈለግ፥ ለእነዚህም ብረቶች አስታራቂ ያስፈልጋቸዋል። እርሱም 309 የሚባለው የብየዳ ዘንግ ነው። ከመቶው 23 እጅ ያህል ክሮሚየምና 13 እጅ ያህል ኒኬል ስላለበት፥ ተራው ብረት ቢቀላቀልበትም ጥንካሬውን ይጠብቃል። ዋጋው ከተራው ዘንግ ይበልጣል፤ ቢሆንም ሌላ ዕቃ ከመግዛት ይረክሳል።

ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ዕቃውን ለበያጅ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዘንጉ 309 ነውን? የሽቦ ብሩሹ ተራ ብረት ያልተፋቀበት ነውን? የተራ ብረት ብናኝ በማይዝገው ላይ ቢጣበቅ ይዝጋልና። የሚቀጠለው ብረት በዚንክ የተለበጠ እንደ ሆነስ ዚንኩ አስቀድሞ ተፍቆ ይነሣልን? ዚንክ ሲቀልጥ የማይዝገውን ብረት ይሰነጥቀዋል፤ ጢሱም እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ዕቃው ምግብ የሚያዝበት ከሆነ መጋጠሚያው በውስጥ በኩል ይለስልስ፤ በሻካራው ላይ እድፍ ያድራል። በውጭ በኩል ተራው ብረት ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙም መጋጠሚያውን አልፎ ከማይዝገው ላይ ጥቂት ይድረስ።

አልሙኒየምን ግን በዚህ ብልሃት ከማይዝገው ጋራ መበየድ አይቻልም። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ የማይዝገው እስከ 1400 ዲግሪ ገደማ ይጸናልና፥ በቡሎን ማያያዝ ይሻላል።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ነው። የማይዝግ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ክሮሚየም ስላለበት ሳንባን ይጎዳል፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋራ ቈጥሮታል። ብልጭታውም ዓይንን ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማው ከጥቂት ሰዓት በኋላ፥ አሸዋ እንደ ገባበት ሆኖ ነው። ብየዳው ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ይደረግ፤ በያጁም ጭንብሉን አይለይ። ልጆች ብርሃኑን ለማየት እንዳይቀርቡ መከልከል የወላጆች ፈንታ ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ይጠገናል፥ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።