ሙቀት የሚነዳው አይሱዙ

ጎብዬ ላይ ማሽላ ወይም ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ወደ ሰሜን ሲነሳ መንገዱ መጀመሪያ አያስቸግረውም። ሮቢትን፣ ቆቦንና ዋጃን እያለፈ በራያ ሜዳ ላይ አላማጣ ይደርሳል። ፈተናው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የግራት ካሕሱ ጥምዝምዝ ዳገት ከ1,500 ሜትር ገደማ አንስቶ ኮረም ላይ ወደ 2,500 ሜትር ያወጣዋል። መኪና ከነጭነቱ ይህን ዳገት የሚወጣው በሙቀት ነው፤ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ ሲወርድ አየር ብቻ ይስባል፤ ተመልሶ ሲወጣ አየሩን ከመጀመሪያ ይዘቱ ወደ 1/17ኛ ገደማ ያምቀዋል። የታመቀ አየር ይግላል፣ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ያልፋል። ልክ በዚህ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ ራሱ ተቀጣጥሎ ፒስቶኑን ቁልቁል ይገፋዋል፤ ፒስቶኑ ዳግመኛ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ መንገድ የሚሠራ ሞተር ያሳየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። በቤንዚን የሚሄደው ባጃጅ ግን እሳቱን የሚያገኘው ከካንዴላ ብልጭታ ነው። ከሞተሩ የወጣው ኃይል በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል አልፎ የኋላ ጎማ ይደርሳል።

ጎማውን የሚያዞረው ግን ከናፍጣው ሙቀት ከግማሽ ያነሰው ነው። የቀረው ከፊሉ በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉን ውሃው ተሸክሞ ራዲያተር ላይ ለነፋስ ያስረክበዋል። ዳገት ላይ ታዲያ ነገሩ ይከፋል፤ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ያቃጥላል፣ መኪናው ቀስ ስለሚል ከፊት የሚመጣው ነፋስ ያንሳል፣ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል። ኮረም ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ግን ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። እኔ ሾፌር ብሆን ከመነሳቴ በፊት ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የዚያን ክዳን ጎማ ነው። ጎማው ካረጀ ውሃው ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥላ ፈልጎ፣ እስኪበርድ መጠበቅ ነው መፍትሔው።

የመልስ ጉዞው ደግሞ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ጉልበት ሸራውና ታምቡሩ ላይ ሙቀት ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ሳይለቀቅ ከተያዘ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል። ሾፌሩ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው ሲሄድበት ምክንያቱ ይኼው ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዝቅ ያለ ማርሽ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩም መኪናውን ይይዘዋል። የናፍጣ ሞተር አየር መግቢያው ስለማይዘጋ ብቻውን ብዙ አይዝም፤ ለዚህ ነው ብዙ አይሱዙ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ሞተር ፍሬን ያለው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ ማድረግ ይህን ሁሉ እርዳታ ማጣት ነው፤ በዚያ ላይ ማርሽ በቅጡ የያዘ ዘመናዊ ሞተር ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ካልተረገጠ ናፍጣ አይረጭም። የጋለ ታምቡር ላይም ውሃ አይደፋም፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።