የሞንትጎመሪ ትምህርት ቦርድ፦ ወንበሩ ምን ይችላል? ማንስ ይቀመጥበት?

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ጀርመንታውን የሚኖር ሐበሻ ለፕሬዚዳንት ማንን እንደመረጠ ቢጠየቅ ምክንያቱን ዘርዝሮ ያስረዳል። ለትምህርት ቦርድ ማንን መረጥክ ሲባል ግን ብዙው «እሱን ባዶ ተውኩት» ይላል። የሚያስወቅስ አይደለም። የቦርዱ ዕጩዎች ስም የሚገኘው ወደ ወረቀቱ መጨረሻ ነው፤ ከስማቸው አጠገብም ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን የሚል አልተጻፈም። ፓርቲ አይቶ ማጥቆር የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል። ይሁን እንጂ ልጁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብና በክፍሉ ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ በታለፈው ወንበር ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም። ጉዳዩ የስቴቶች ነው፤ ስቴቶቹ ደግሞ ሰፊውን ድርሻ ለአካባቢ ቦርዶች ሰጥተዋል። አገር ቤት ሥርዓተ ትምህርቱ ከላይ ሲወርድ፣ ወላጅም በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ለመዋጮ ሲጠራ ላየ ሰው፣ አንድ የሰፈር ሰው ተመርጦ የቢሊዮኖች ዶላር በጀት ያጸድቃል ሲባል እንግዳ ነገር ነው። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን አሠራሩ ይህ ነው። የካውንቲው የትምህርት ሥርዓት ከስቴቱ ትልቁ ሲሆን ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ፣ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችና በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሥራ ማስኬጃ በጀት አለው።

ከቦርዱ ስምንት አባላት ሰባቱን ሕዝብ ለአራት ዓመት ይመርጣቸዋል፤ አምስቱን ከየዲስትሪክቱ፣ ሁለቱን ከመላው ካውንቲ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወርዱም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አራት፣ በ2024 ሦስት መቀመጫዎች ለምርጫ ቀርበዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዕጩው የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆን ቢኖርበትም የሚመርጠው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ ነው። የዋይት ኦክ ነዋሪ የቤተስዳን ወንበር ይመርጣል፤ ቤተስዳም የዋይት ኦክን። ስለዚህ በብዛት ወጥቶ የሚመርጥ ሰፈር፣ የማይወጣውን ሰፈር ተወካይ ጭምር ይመርጥለታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሌላው ስሕተት ፕራይመሪውን ይመለከታል። ለአንድ ወንበር ከሁለት በላይ ዕጩዎች ከቀረቡ በማጣሪያው ሁለት ብቻ ይቀራሉ። የቦርዱ ምርጫ ከፓርቲ ነጻ ስለሆነ፣ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ ሰውም በዚህ ማጣሪያ ድምጽ ይሰጣል። «ፓርቲ ስለሌለኝ ፕራይመሪው አይመለከተኝም» የሚል ሰው ዋናው ማበጠሪያ ያልፈዋል። በ2024 ሁለት ነባር የቦርድ አባላት የወደቁት በፕራይመሪው ነበር፤ ሦስተኛዋ በኅዳሩ ምርጫ ተሸነፉ።

ዕጩ ለመመዘን ቀድሞ ማወቅ የሚገባው ወንበሩ የሚችለውንና የማይችለውን ነው። ቦርዱ የትምህርት ቤቶቹን የበላይ ኃላፊ፣ ማለትም ሱፐርኢንቴንደንቱን፣ ይቀጥራል። በጀት ያወጣል፣ የትምህርት ቤቶችን ክልል ያሰምራል፣ ከመምህራን ማኅበር ጋር የሚደረገውን ውል ያጸድቃል። ታክስ ግን መጣል አይችልም። ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት ከካውንቲው ካውንስልና ከስቴቱ ነው። በ2023 የቤት ታክስ 4.7 በመቶ እንዲጨምርና ገንዘቡ ለትምህርት ቤቶች እንዲውል የወሰነው ካውንስሉ ነበር። የመምህራን መነሻ ደመወዝ 60 ሺህ ዶላር እንዲደርስ ያዘዘው ደግሞ ብሉፕሪንት የሚባለው የስቴቱ ሕግ ነው። እንግዲህ ለቦርድ ቀርቦ «ታክስ አስቀንሳለሁ» የሚል ሰው የሌለውን ሥልጣን ቃል እየገባ ነው። የሚበጀው ጥያቄ «ካውንስሉ የጠየቃችሁትን ሁሉ ባይሰጥ የትኛውን አገልግሎት አስቀድመው ይቆርጣሉ? የትኛውንስ አያስነኩም?» የሚለው ነው። መልሱ ሰውየውን ያሳያል።

ለእኛ ሰው ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። አንዲት እናት ስለ ልጇ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ልትነጋገር ትጠራለች። ጠረጴዛው ዙሪያ መምህር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የንግግር ቴራፒስት ተቀምጠዋል፤ ከእርሷ ጎን ደግሞ ልታስተረጉም የመጣች የሰባተኛ ክፍል ልጇ። ልጅቱ ያልገባትን እየዘለለች ትነግራታለች፤ እናትየዋ ትፈርማለች። የፌዴራሉ የሲቪል መብት ሕግ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ሞንትጎመሪም መረጃ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛን አካቷል። ነገር ግን መብቱን እውን የሚያደርገው የሰው ኃይል ነው፤ አስተርጓሚውም፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምረው የኢሶል መምህሩም፣ ከወላጅ ጋር የሚያገናኘው ሠራተኛም የሚቀጠሩት በበጀት ነው።

ማኅበረሰባችን ድምፁን ማሰማት እንደሚችል በ2023 አሳይቷል። ቦርዱ ያጸደቃቸው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትና የጾታ ማንነት ጉዳይ ያለባቸው የተረት መጻሕፍት ሲነበቡ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍል ማስወጣት አይችሉም ተባለ። በሮክቪል ከሙስሊም ወላጆች ጎን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምዕመናን ተሰልፈው ተቃወሙ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በሰኔ 2025 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምጽ ለከሳሾቹ ወላጆች ፈረደ። በዚህ ጉዳይ ሐበሻ ሁሉ አንድ ሐሳብ የለውም፤ አንድ ይሁን ማለትም አልችልም። ሆኖም ያን ያህል ሰው አደባባይ ያወጣ ማኅበረሰብ በየዓመቱ በሚደረገው የበጀት መስሚያ ላይ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። የኢሶል መምህር ቁጥር የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው።

በምርጫው ቀን በር ላይ የሚታደለው የመምህራን ማኅበሩ የደገፋቸው ዕጩዎች ዝርዝር፣ «አፕል ባሎት»፣ ብዙ ሰው ይመራል። ማኅበሩ ትምህርት ቤቱን በቅርብ ያውቃል፤ ይሁንና ቦርዱ በውል ድርድር ከጠረጴዛው ማዶ የሚያገኘው እሱኑ ነውና ወረቀቱ የሚናገረው ከመምህሩ ወገን ሆኖ ነው። ነባር አባል ከሆነ የሰጠው ድምጽ ተመዝግቦ፣ ስብሰባውም በቪዲዮ ተቀርጾ ይገኛል። አዲስ ዕጩን ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ዕድር ስብሰባ መጥራት ይቻላል፤ ድምጽ ፈላጊ ነውና ጥሪ አይንቅም።

ለዚህ ምርጫ በሜሪላንድ ዜግነት ግዴታ ነው። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን ቢያስመርጥም ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ጎረቤት ዲሲ በአካባቢ ምርጫ ለእነዚህ ነዋሪዎች በሩን ከፍታለች፤ እዚያ ግን ከ2007 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ በከንቲባው እጅ ስለሆኑ ቦርዱ ያለው ሥልጣን ጠባብ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «ለመምረጥ ልመዝግብህ?» ቢባል አይ ይበል፤ ያለ ዜግነት መመዝገብ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። በቦርዱ ፊት ቀርቦ መናገር፣ ደብዳቤ መጻፍና በወላጅ መምህር ኅብረት (ፒቲኤ) መሳተፍ ግን ዜግነት አይጠይቅም።

ስምንተኛውን አባል የሚመርጡት የሚድልና የሃይስኩል ተማሪዎች ናቸው። የተመረጠው ተማሪ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በበጀትም ድምጽ ይሰጣል። ምርጫው የሚካሄደው በየትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ወላጆቹ ገና ዜግነት ባላገኙበት ቤት ለዚህ ቦርድ ድምጽ የሚሰጠው ልጁ ብቻ ነው። በጸደይ ማንን ሊመርጥ እንዳሰበ፣ ለምንስ እንደሆነ ጠይቁት።