ዓሣን መብላት በብልሃት፤ ዓሣን ማርባት በውኃው ልክ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው እሾሁ ጉሮሮ ላይ እንዳይሰነቀር ለማስጠንቀቅ ነው። ዓሣን ማርባትም ያለ ብልሃት ከተጀመረ የራሱ እሾህ አለው። የሚወጋው ግን የአንድ ሰው ጉሮሮ ሳይሆን የማኅበርን ጉልበት፣ የማኅበርን መሬትና የማኅበርን ገንዘብ ነው።

ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ዲንሾ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። በማሳዎቹ መካከል ግን ሌላ ሀብት ይፈሳል። ሻያ ከሮቤ አጠገብ፣ ቶጎና ከጎባ አጠገብ፣ ዳንካና ወይብ ደግሞ በዲንሾ አካባቢ ይወርዳሉ። የእነዚህ ወንዞች ምንጭ የባሌ ተራሮች ሲሆኑ ከተራሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚህ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነው። ወንዞቹ ወደ ወይብ ከገቡ በኋላ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቀው ወደ ገናሌ ያመራሉ።

በዚህ ሁሉ ውኃ አጠገብ የሚኖረው የደጋ ገበሬ ዓሣን በማዕዱ ላይ የሚያየው ከስንት አንድ ቀን ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 20 ኪሎ ያህል ዓሣ ሲመገብ በኢትዮጵያ ግን መጠኑ ከ1 ኪሎ በታች ነው። በመሆኑም መሬት ያላገኙ ወጣቶች ተደራጅተው «ኩሬ ቆፍረን ዓሣ እናርባ» ብለው ወደ ማኅበሩ መሪዎች ቢመጡ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመሪዎቹ የሚጠበቀው እሺ ወይም እምቢ ከማለት በፊት «የእኛ ውኃ የሚቀበለው የትኛውን ዓሣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከኬንያ የመጣው ዓሣ

ለዚህ ጥያቄ ባሌ ራሷ የቆየ ምስክር አላት። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። የመጡት ቡናማ ትራውትና ቀስተ ደመና ትራውት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ነበሩ። ኬንያም ብትሆን ዓሣውን ያገኘችው ከውጭ ነው። ቡናማው ትራውት ወደዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ መሆኑ ይታወቃል።

ትራውት በባሌ ወንዞች ውስጥ መራባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ዓሣ የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ አየር የሚያገኝና ጥሩ ፍሰት ያለው ውኃ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይጨነቃል። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በወንዙ ወለል ላይ ባለው ንጹሕ ጠጠር መካከል ነው። ውኃው 10 ዲግሪ ያህል ሲሆን የቀስተ ደመና ትራውት እንቁላል ለመፈልፈል አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ንጹሕ ውኃ በጠጠሩ መካከል ማለፍ አለበት።

የቆላው ዓሣ በደጋ

በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር በሰፊው የታወቀው ቆሮሶ ጠባዩ ከዚህ የተለየ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይዘገያል፤ ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ያቆማል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቃረብ ደግሞ ለሞት ይዳረጋል። በቆላና በወይና ደጋ ከ6 እስከ 8 ወር ውስጥ ለገበያ የሚደርሰው ቆሮሶ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ በሚጠጋው የሮቤ ሜዳ ወይም ከዚያም ከፍ ባለችው ጎባ በጥልቀት በሌለው ኩሬ ቢገባ የሚገጥመው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። በሕይወት ቢተርፍ እንኳ ድካሙን የሚመልስ ሥጋ አያወጣም።

በመካከል የሚገኘው ካርፕ ነው። ካርፕ ከ20 ዲግሪ በላይ ባለ ውኃ ይበልጥ ይፋፋል፤ ብርድን ግን ከቆሮሶ በተሻለ ይችላል። የሚበላውም ብዙ ዓይነት ነው። በኩሬው ወለል ያለውን ትልና ቅጠላ ቅጠል፣ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሁሉ ይመገባል። የስንዴ አገር በሆነችው ባሌ ደግሞ ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካዎች ይገኛል። ይሁን እንጂ በደጋ ብርድ ካርፕም ቢሆን ለማደግ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድበት ስለሚችል በጥቂት ወራት ትርፍ የሚጠብቅ ማኅበር ተስፋ መቁረጡ አይቀርም።

ትራውትን በኩሬ ማርባትስ? ውኃው ተስማሚ ነው፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። ትራውት ሥጋ በል ስለሆነ ከመኖው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን መሆን አለበት። በፉርሽካና በፋጉሎ ብቻ ይህን ማሟላት አይቻልም። አንድ ቶን ትራውት ለማምረት በሰከንድ 10 ሊትር ያህል የማያቋርጥ ውኃ እንደሚያስፈልግ በሙያው ይገመታል። በበጋ ወራት መስኖውና ከብቱ በሚሻሙት ምንጭ ላይ ይህን ያህል ውኃ መመደብ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የሌሶቶ ደጋማ ምድር ሕዝብ በካትሴ ግድብ ውኃ ላይ በተንሳፋፊ መረብ ውስጥ ትራውት እየረባ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ግን ትልቅ ግድብ፣ የተዘጋጀ መኖና የተደራጀ ገበያ ይፈልጋል።

የምርምር ጣቢያዎች ድርሻ

ለዓሣ እርባታ የሚያገለግል እውቀት በሀገር ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል ለረጅም ዓመታት የዓሣ ጫጩት ሲያራባና በሐይቆችና በግድቦች ሲያስለቅቅ ቆይቷል። በኦሮሚያም በባቱ ከተማ የዓሣ ምርምር ማእከል ይገኛል። የማእከላቱ ሥራ የዓሣውን እድገት መለካት፣ ተስማሚውን መኖ ከአካባቢው ምርት መቀመምና አንድ ውኃ ያለ ጉዳት ምን ያህል ዓሣ ሊሰጥ እንደሚችል መገመት ነው።

ምርምር ችላ ከተባለ ምን እንደሚደርስ የጣና ሐይቅ ያስተምራል። በዚያ ሐይቅ የሚገኙት የቢልጫ ወገን የሆኑ ትላልቅ ዓሦች በክረምት ወራት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ ላይ የተዘረጋው መረብም ልክ በዚህ ጊዜ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በየዓመቱ እንቁላል የያዘውን ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዘሩን እንደፈጨ ገበሬ ይቆጠራል።

ለባሌ ገበሬ ቅርብ የሆነው ሌላው ምሳሌ በወቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ግድብ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ ዋና ተግባሩ 153 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነው። ውኃው ከተጠራቀመ በኋላ ግን ካርፕን ጨምሮ ዓሣ ይጠመድበታል። አዲስ ኩሬ ከመቆፈር በፊት ቀድሞ ባለው ውኃ ሥርዓት ባለው መንገድ ማጥመድ ርካሹ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ወንዙ ካልተጠበቀ

ዓሣን የሚያጠፋው መረብ ብቻ አይደለም። ማሳው እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ሲታረስ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ደለሉ በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ገበሬውም አፈሩንና ዓሣውን በአንድ ጊዜ ያጣል። ከወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሣርና ቁጥቋጦ ሳይታረስ መተው ሁለቱንም ያድናል።

ሁለተኛው አደጋ መርዝ ነው። የስንዴ አረም ማጥፊያ የተረጨበትን መሣሪያ ወንዝ ውስጥ ማጠብ ወይም የመዥገር መድኃኒት ትራፊን ወደ ውኃ መድፋት ዓሣውንም፣ ዓሣው የሚበላቸውን ትናንሽ ነፍሳትም ይፈጃል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣን አስክሮ መያዝም ከትልቁ ጋር ጫጩቱን ስለሚያጠፋ የነገውን ምርት በአንድ ቀን መብላት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሀገሪቱ የወጣው የዓሣ ሀብት እንዲህ ካለው ብክነት እንዲጠበቅና በሥርዓት እንዲለማ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ዓሣን ካለበት ወንዝ ወደ ሌላ ወንዝ መውሰድ ነው። ትራውትም ሆነ ካርፕ ለባሌ እንግዳ ነው። በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ትራውት ደግሞ ትናንሽ የውኃ እንስሳትን አድኖ የሚበላ ነው። አካባቢው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ዓሣ በባልዲ ይዞ ወደ አዲስ ጅረት መልቀቅ ጥቅም መስሎ ጉዳት ያስከትላል። በፓርኩ ክልል ውስጥ ማጥመድም የፓርኩን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከመቆፈሩ በፊት

በልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች በዘመቻ ከተቆፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ ጫጩት፣ መኖ ወይም ክትትል በማጣት ተትተዋል። የተተወ ኩሬ መሬት ይይዛል፤ ለሕፃናትና ለጥጆችም አደጋ ነው። ይህ እንዳይደርስ መሪዎች ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆነው ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የውኃው ሙቀት ነው። በቴርሞሜትር ጧትና ከቀትር በኋላ ይለካ፤ የውርጩ ወራት ሳያልፉም ውሳኔ አይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የውኃው መጠን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ሲሞላ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መቁጠር ይበቃል። በ10 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ 2 ሊትር ነው። ልኬታው ምንጩ እጅግ በሚቀንስበት በበጋ መደረግ አለበት።

ሦስተኛ፣ አፈሩ ነው። ዋልካ ውኃ ይይዛል፤ ኩሬው ከደረቀ ግን ስለሚሰነጠቅ ውኃው እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ጫጩቱና መኖው ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ኩሬ 2 ያህል ጫጩት ቢታሰብ 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ኩሬ 300 ይፈልጋል። እነዚህን ማን፣ ከየት፣ መቼ እንደሚያመጣቸው ቁርጥ ያለ መልስ ሳይገኝ ዶማ መነሣት የለበትም።

አምስተኛ፣ ገበያው ነው። በጎባና በሮቤ የዓሣ ፈላጊ ቁጥር በዐቢይ ጾም ይጨምራል፤ በሌላው ጊዜ ይቀዘቅዛል። ዓሣ እንደ ስንዴ በጎተራ የሚቀመጥ ስላልሆነ በተጠመደበት ቀን ካልተሸጠ ወይም ካልደረቀ ይበላሻል።

ለአምስቱም መልስ ያገኘ ማኅበር በአንድ ኩሬ ጀምሮ አንድ ዓመት ቢሞክር፣ ስንት ጫጩት እንደገባ፣ ስንት እንደሞተና ስንት ኪሎ እንደወጣ በመዝገብ ቢይዝ ለጎረቤት ማኅበርም ሆነ ለምርምር ጣቢያው የሚጠቅም ማስረጃ ያገኛል። መልስ ያላገኘው ማኅበር ደግሞ ኩሬውን ትቶ የወንዙን ዳር ቢያለማ ጉልበቱ በከንቱ አይቀርም። አፈሩ በማሳው ይቆያል፣ ከብቱ ንጹሕ ውኃ ይጠጣል፣ በሻያና በወይብ ያለው ዓሣም ዘሩን ይተካል።