ድንጋይ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?

የፍሬሽማን ውጤት ወጥቶ የዲፓርትመንት መምረጫው ሰሞን ሲደርስ ጊቢ ውስጥ ስልኩ የማይጮህ ተማሪ የለም። አባት፣ አጎት፣ ሰፈር ውስጥ ቀድሞ የተመረቀ ልጅ፣ ሁሉም አማካሪ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው ከላይ ከላይ ሕክምናውን፣ ፋርማሲውን፣ ኮምፒውተር ሳይንሱን ይሞላና ጂኦሎጂን ወደ ታች ያወርደዋል። ምደባው ሲወጣ ታዲያ "ጂኦሎጂ ደረሰኝ" የሚል ልጅ አይጠፋም። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ እንደ ዕቁብ "ደረሰኝ" ነው የሚለው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ግን ቢያንስ ይስቃል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ጂኦሎጂ ለመጻፍ የደፈርኩት የዶርም ጓደኛዬ ጂኦሎጂ "ደርሶት" ሦስት ዓመት አብረን ስለኖርን ነው። አልጋው ሥር ከጫማው ድንጋዩ ይበዛ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። እናቱ በደወሉ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ "ለመሆኑ ድንጋይ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?"

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዘንድሮ ቅጹን ለምትሞሉ ልጆች፣ ከጎረቤት አልጋ ሆኜ ያየሁትንና ከኢኮኖሚክስ የቀረልኝን ይዤ ልመልሰው ልሞክር።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ሁለተኛ ዓመት ላይ ማዕድናትን መለየት ይጀመራል። በጥፍር ይጫራል ወይስ ቢላ ይፈልጋል? ሲፈጭ ዱቄቱ ምን ቀለም አለው? አንድ ጠብታ ቀጭን አሲድ ሲነካው ይፈላል? በደንብ ከፈላ ካልሳይት አለበት፤ የኖራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሦስቱ የዐለት ቤተሰቦች ይመጣሉ፦ ከቀለጠ ማግማ ቀዝቅዞ የተፈጠረው፣ ከደለል ተጠራቅሞ የጠነከረው፣ በሙቀትና በግፊት መልኩን የቀየረው። ከዚያ የንብርብሮች ቅደም ተከተል፣ የመሬት እጥፋትና ስንጥቅ፣ ቅሪተ አካል። ወደ መጨረሻው የከርሰ ምድር ውሃ፣ ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ፣ የማዕድን ክምችት፣ ጂኦፊዚክስ፣ ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ ይጨመራሉ። ፊዚክስም ኬሚስትሪም ሒሳብም አይቀርላችሁም።

አንድ ቀን ላብ ይዞኝ ገባ። ድንጋዩ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፍና 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይፈገፈጋል። ያኔ ብርሃን ያሳልፋል። መንገድ ዳር የምንረግጠው ጥቁር ባዛልት በማይክሮስኮፑ ውስጥ ቢጫ፣ ሰማያዊና ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ድንጋዩ የተቀመጠበትን ክብ ሲያዞሩት ቀለሙ እየጠፋ ይመለሳል። እኛ ያኔ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር እየሳልን ነበር፤ ትንሽ ቀናሁ።

ዋናው ትምህርት ግን ፊልድ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አውቶቡስ ውስጥ ተኝታችሁ አልፋችሁት ይሆናል። ለጂኦሎጂ ተማሪ እዚያ መንገድ ላይ ወደ ታች መውረድ ወደ ኋላ ዘመን መሄድ ነው። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ባዛልት አለ። ከሱ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ውስጡም የባሕር ዛጎል ቅሪት። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን፣ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በፊት፣ አካባቢው ባሕር ነበር ማለት ነው። ዝቅ ሲባል ጂፕሰም፣ ወንዙ አካባቢ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋዩ በሙገር ሸለቆ በኩል ተቆፍሮ ሲሚንቶ ይሆናል። የኮንዶሚኒየማችሁ ግድግዳ ውስጥ የጥንት ባሕር ወለል አለ ብላችሁ ብትፎክሩ ውሸታም የሚላችሁ የለም።

ለዚህ አገር ምን ይረባል?

አገራችንን ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። መሬቱ ዛሬም እየተላቀቀ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከሥሩ ማግማ ገብቶበት በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የዓለም ተመራማሪዎች እየጎረፉ ያዩት ጉድ እኛ ጓሮ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጉዳዩ ሁላችንም ቤት ገባ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየን ደረጃ ወርደናል። በዚያ ሰሞን ቴሌግራም ላይ "ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል" የሚል መልእክት ስንቱን ውጭ አሳደረ! የጓደኛዬ እናትም ደወሉለት። ያን ቀን ስለ ሥራ አልጠየቁትም፤ "ልጄ፣ እንውጣ ወይስ እንተኛ?" ነው ያሉት። የመለሰላቸውን አልረሳውም፦ "እማዬ፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚነግርሽ ሰው ካለ እሱ ውሸታም ነው፤ ማንም አያውቀውም። ከባድ ዕቃ ከአልጋሽ በላይ አትስቀዪ፣ ሲነቀንቅ ከመስኮት ራቂ።" አራት ዓመት የተማረው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ ቤተሰቡ ግን ተኝቶ አደረ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ከዚያ በፊት ተራራውን በስም የሚያውቀው ስንት ሰው ነበር?

የሚያሳዝነው ምሳሌ ጎፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ውስጥ ከዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያዘ። አንዴ የተንቀሳቀሰ፣ ውሃ የጠገበ ቁልቁለት ተመልሶ ሊናድ እንደሚችል ማንኛውም የኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ተማሪ ይማራል። ያ እውቀት ወረዳ ድረስ አለመውረዱ ነው የሚያንገበግበው።

የውሃው ነገር ጸጥ ያለ ችግር ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው ባለመፋቃቸው አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር የቆየ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ናቸው። ሲበዛ ከጥርስ አልፎ አጥንት ይጎዳል። የት ይቆፈር፣ ስንት ሜትር ይውረድ፣ የትኛው ንብርብር ይዘጋ የሚለውን የሚያጠናው ድንጋይ የተማረው ልጅ ነው።

እሺ፣ ሥራውስ?

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክሴ ትመጣለች። የጂኦሎጂስት ተፈላጊነት ከሌላ ነገር ፍላጎት የሚመነጭ ነው። መንግሥት መንገድ፣ ግድብና ጉድጓድ ሲያስቆፍር ጂኦሎጂስት ይፈለጋል፤ በጀት ሲታጠፍ አይፈለግም። የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ፍለጋው ይደራል፤ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የፍለጋ ቡድን ነው። ሥራው ያለበት ቦታም ቦሌ አይደለም። ሻኪሶ፣ አሶሳ፣ አፋር ነው። መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። ሴት ተማሪዎች ፊልድ ላይ የሚገጥማቸው የማረፊያና የደኅንነት ጣጣ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሥልጠናው ጥራት ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ጊቢ፣ አንድ ኮምፓስ ለስምንት ተማሪ ሲደርስ፣ የሳምንታት ፊልድ በነዳጅ እጥረት ወደ ቀናት ሲያጥር አይቻለሁ። ወጪ መቀነስ ይመስላል። ግን ፊልድ ሳይወጣ የተመረቀ ልጅ ያሳየው ቦታ ተቆፍሮ ደረቅ ሲወጣ የሚባክነውን ብር ማን ይቆጥረዋል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናው ላይ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል። ፈተናው ንድፈ ሐሳቡን ይለካ ይሆናል፤ ተራራ መውጣትን አይለካም።

ጓደኛዬ ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ሥራ ፈልጓል። አሁን የውሃ ቁፋሮ ሳይት ላይ ነው። ማሽኑ በየሁለት ሜትሩ የሚያወጣውን ስብርባሪ ያጥባል፣ በሳጥን ይደረድራል፣ ይመዘግባል። ደመወዙ ሀብታም አያደርገውም። ሥራውን ግን ይወደዋል።

ከዚህ ሙያ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ለማወቅ ደግሞ ዘረሰናይ ዓለምሰገድን ተመልከቱ። የመጀመሪያ ዲግሪው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ነው። ዲኪካ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን "ሰላም"ን ያገኘው ቡድን መሪ እሱ ነበር። የድንቅነሽን ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ስንል የምንተማመነውም እሷ በተገኘችበት አካባቢ ባሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ላይ ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ፀሐይ፣ እግር መንገድና ከከተማ መራቅ የሚያማርራችሁ ከሆነ አትምረጡት። "ደርሷችሁ" ከገባችሁ ደግሞ ጂአይኤስን ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ ያዙት፤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ የላንድሳትና የሴንቲኔል የሳተላይት ምስሎችም ነፃ ናቸው። የመመረቂያ ጥናታችሁን ከኢንተርኔት አትገልብጡ፤ የወረዳችሁን ጉድጓድ ወይም የሚናደውን ኮረብታ አጥኑ። ሥራ ፍለጋ ስትወጡ የምታሳዩት እሱን ነው።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ግን አንድ የሦስተኛ ዓመት ጂኦሎጂ ተማሪ ፈልጉና የፊልድ ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ላብ የነካው፣ ጭቃ ያለበት፣ በእርሳስ የተሳለ ገደል የሞላበት ደብተር ነው። ገጹን ስታገላብጡ "እዚህ ቦታ በሄድኩ" ካላችሁ ከላይ ሙሉት። ካላላችሁ ወንበሩን ለሚፈልገው ልጅ ተዉለት።