ገመድና ሰከንድ

ጎጃም ውስጥ መሬት በሜትር ከመለካቱ በፊት በበሬ ጉልበት ነበር የሚለካው። ጥማድ ይሉታል፤ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን ውሎው የሚያርሰው ማለት ነው። ዛሬ በወረቀት ሲጻፍ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ይባላል። በባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደምበጫ ዙሪያ ግን ገበሬ ገበሬን የሚጠይቀው አሁንም «ስንት ጥማድ አለህ?» ብሎ ነው።

ስምንት ጥማድ ያለው አባወራ እናስብ። ደህና ሀብታም ነው። አራት ልጆቹ ሲካፈሉት ሁለት ሁለት ጥማድ ይደርሳቸዋል። እነሱም በተራቸው አራት አራት ወልደው ሲያካፍሉ ለእያንዳንዱ ግማሽ ጥማድ፣ 1,250 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ እግር ኳስ ሜዳ አንድ ስድስተኛ ያህል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አያትየው የልጅ ልጁን ሠርግ ሳይበላ በማይሞትበት ዘመን ውስጥ ነው። መሬቱ በሄክታር 40 ኩንታል በቆሎ ቢሰጥ (ማዳበሪያው በጊዜ ደርሶ፣ ዝናቡም አዝኖ ካልቀረ) ከግማሽ ጥማድ 5 ኩንታል ይገኛል። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል እህል ይበላል ብንል፣ አምስቱ ኩንታል ለሁለት ሰው ተኩል ነው። ባል፣ ሚስትና የአንድ ልጅ ግማሽ።

አሁን ወደ ወሰኑ ጠጋ እንበል። ማሳው 50 ሜትር በ25 ሜትር ነው። ጎረቤት በሬውን ሲያዞር አንድ ትልም፣ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ወደዚህ ገባ አለ። 50 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 15 ካሬ ሜትር፤ በበቆሎ ሲሰላ 6 ኪሎ። ለ6 ኪሎ በቆሎ ሰው ይጣላል? አንድ ዓመት ከሆነ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ አሥር ዓመት ከገፋ ግን 150 ካሬ ሜትር ሄደ፤ ከማሳው ከአሥር እጅ አንዱን ያልፋል። የበቆሎው ኪሳራ ከ6 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ ይደርሳል፤ የአንድ ሰው የአራት ወር ያህል ቀለብ። በትልም ተጣልቶ ሰው የሞተበትን ታሪክ የማያወራ የጎጃም ቀበሌ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ዓለም ጸጥታ መጥፋት የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይጀምራል፤ ከኃያላን፣ ከሚሳይል፣ ከስብሰባ። እኔ ከትልሙ የጀመርኩት ሒሳቡ እዚያ ስለሚጀምር ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዘንድሮ 29 ዓመት ሆኖታል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው የእሱ ታናሽ ነው። አገሪቱ በ1987 ቆጠራ 53 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበረች፤ በ1999 ቆጠራ 73.7 ሚሊዮን፤ አሁን ግምቱ ወደ 130 ሚሊዮን ተጠግቷል። ጥማዱ ግን ያው 2,500 ካሬ ሜትር ነው።

በዚህ ላይ የሩቁ ጠብ የቅርቡን ያቀጣጥላል። ዩሪያ ማዳበሪያ በዓለም ገበያ በ2020 እ.ኤ.አ. ቶኑ በአማካይ ወደ 230 ዶላር ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2022 ወደ 700 ዶላር ደረሰ። ጥቁር ባሕር ዳር የተተኮሰው መድፍ ደምበጫ የደረሰው በኩንታል ዋጋ ተተርጉሞ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ሐምሌ 28 በክልሉ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም፤ የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፣ ከማዳበሪያም በላይ ነው። ነገር ግን ሰኔና ሐምሌ የዘር ወቅት መሆናቸውን ገበሬ ለሆነ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ደምበጫ ትልልቅ ቁጥር በመንገዷ ሲያልፍ ለማየት አዲስ አይደለችም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከገቡ በኋላ፣ ከቡሬ ያፈገፈገው የጣሊያን ጦር ወደ ደብረ ማርቆስ የሸሸው በእሷ በኩል ነው። ያን ዘመቻ ስንቅና ጥይት ጭነው ከሱዳን የተነሡት ግመሎች 15,000 ገደማ ነበሩ ይባላል። አዲስ አበባ የደረሱት 50 ቢሆኑ ነው። ግመል ለቆላ እንጂ ለጎጃም ደጋ አልተፈጠረማ! ከየ300 ግመል አንድ መትረፉ ነው፤ የቀረው ዳገቱ፣ ብርዱና ጭነቱ ጨረሰው።

ያ ግን የድሮ ሒሳብ ነው። የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም እንደሚለው፣ ዓለም በ2024 እ.ኤ.አ. ለጦር ኃይል ያወጣችው 2.718 ትሪሊዮን ዶላር ነው። ትሪሊዮን ሲባል ጆሮ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ በሰከንድ እንከፋፍለው፤ 86,000 ዶላር ገደማ። «አንድ» ብለን እስክንጨርስ 86,000 ዶላር። በዚያው ዓመት በነበረው የዩሪያ ዋጋ፣ ቶኑን 340 ዶላር ብንለው፣ ይህ 2,500 ኩንታል ይገዛል። 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ስድስት መኪና ነው፤ በየሰከንዱ ስድስት ተሳቢ በደምበጫ አስፋልት ሲያልፍ ይታያችሁ! የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዚያ ዓመት መደበኛ በጀት 3.59 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የጦሩ ወጪ ይህን ያህል የሚበላው ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ጠዋት ሲነጋ ተጀምሮ ማታ ሳይመሽ ያልቃል።

ታዲያ ጸጥታ የሚገዛው በስንት ነው? የሚገርመኝ ቁጥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም የጎጃም ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ተነሣ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት። ግብሩ ብቻ አልነበረም ያስቆጣው። ገማቾቹ መጥተው ማሳ ለማሳ ሲዞሩ፣ ገበሬው «ቀላድ ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው» አለ። ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። ለአንድ ገመድ ተብሎ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን መንደር በቦምብ መታ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ የዓመታት የግብር ውዝፍ ተማረ፣ ገመዱም ተጠቅልሎ ተመለሰ።

ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ ገመዱ እንደገና ወጣ። በስዊድን እርዳታ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በሙከራ የተጀመረው በደሴ ዙሪያ እና ደብረ ማርቆስን ከብቦ በሚገኘው ጎዛምን ነበር። ያው ጎጃም፣ ያው ገመድ። ልዩነቱ ያዡ ነው። አሁን ገመዱን የያዙት ከየቀበሌው ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው ኮሚቴዎች ነበሩ፤ አዋሳኞች ቆመው «እስከዚህ የእኔ ነው» «አዎ የእሱ ነው» እያሉ። ያልተስማማም እዚያው በሽማግሌ ይያዛል። በአያቶች ላይ ቦምብ የተጣለበትን ሥራ የልጅ ልጆች ተሰልፈው አሠሩት።

በመላ አገሪቱ በዚህ የመጀመሪያ ዙር ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ማሳ ተመዝግቧል። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ወጪውን ሲያሰሉት ለአንድ ማሳ አንድ ዶላር ገደማ ሆነ። አንድ ዶላር! እንግዲህ 20 ሚሊዮን ዶላርን ለ86,000 አካፍሉት። 232 ሰከንድ፤ አራት ደቂቃ አይሞላም። የብዙ ሚሊዮን ገበሬ የወሰን ጭቅጭቅ በወረቀት የታሰረበት ወጪ ዓለም ለጦሯ ቡና አፍልታ ሳትጨርስ የምታወጣው ነው።

ለተመዘገበ ገበሬ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር ግን መሬት አያሰፋም። ግማሽ ጥማድ ከተመዘገበም በኋላ ግማሽ ጥማድ ነው፤ የሚተርፈው ልጅ ወይ ከተማ ይሄዳል፣ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ የሚጠራውን ሁሉ ይሰማል። ትምህርት ቤት ቢገባማ ሌላ በር ነበረው። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ግን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሊመዘግብ ካቀደው 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ግማሹ እንኳ አልተመዘገበም። ያልተመዘገቡትን 4 ሚሊዮን ብለን፣ ለአንድ ልጅ ግማሽ ሜትር ሰጥተን ብናሰልፋቸው፣ ሰልፉ 2,000 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከደምበጫ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል።

ያን ደብተር እስቲ አንድ ቀን ተበድራችሁ ግለጡት። ብዙ ቤት ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን አለ፤ ቀጥሎ የማሳው ስፋት፣ ቀጥሎ አዋሳኝ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን፣ በደቡብ። ማሳው ከአያት ተካፍሎ ግማሽ ጥማድ የደረሰ እንደሆነ አራቱም አዋሳኞች ብዙውን ጊዜ የአያት ስማቸው አንድ ነው።