ብዙ ደም ሲፈስ ሕዋሳትን የምትጠብቅ ስኳር

አላህ ይጠብቀንና፣ በመኪና አደጋም ሆነ በሌላ ምክንያት ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲገጥመን ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ ደሙ ቆሞ ምትክ ደም ከተሰጠው ይድናል እንላለን። እርግጥ ነው፣ ከዚህ የሚቀድም ሕክምና የለም። ሆኖም ሐኪሞችን ለረዥም ጊዜ ሲያስጨንቅ የኖረ ጉዳይ አለ። ደሙ ቆሞ፣ ግፊቱም ተስተካክሎ ሳለ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የአንዳንዱ ሕመምተኛ ልብ ይደክማል፤ ኩላሊቱና ጉበቱም ሥራ ያቆማሉ።

አንድ ጎልማሳ በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ከዚህ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ሲፈስ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ነው። ለሕዋሳቱ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። የሚገርመው ግን ደሙ ሲመለስላቸው ሌላ ጉዳት መከተሉ ነው። ኦክስጅን በድንገት ሲገባ ጎጂ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ካልሲየምም ከልክ በላይ ወደ ሕዋሳቱ ይገባል፤ በመላ ሰውነትም ብግነት ይነሳል።

እንግዲህ የስኳሯ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካርመን ሮዛ ቶሬስና ጄራልድ ሃርት በፕሮቲን ላይ የተለጠፈች አንዲት ነጠላ ስኳር ማግኘታቸውን ጻፉ። ስሟ ኤን-አሴቲል ግሉኮዛሚን ነው። ሰውነታችን ከምግብ ከሚያገኘው ግሉኮስ ጥቂቱ እሷን ለመሥራት ይውላል። አንድ ኢንዛይም ይለጥፋታል፣ ሌላው ይነቅላታል፤ በዚህም የፕሮቲኑ ሥራ ይለወጣል። እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ናት ብንል አናጋንንም።

ሕዋሳት በሙቀት፣ በኦክስጅን እጦትና በመሳሰለው ሲጎዱ ይህችን ስኳር በብዛት መለጠፍ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ እንዳይለጥፉ የተደረጉ ሕዋሳት በሙቀት ይበልጥ ሲጎዱ ታይቷል። ስለዚህ መለጠፏ የጉዳት ምልክት ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነው ማለት ነው።

ይህን ወደ ደም መፍሰስ ያመጡት በበርሚንግሃም የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት እነ ጆን ቻታም፣ ሪቻርድ ማርቼስና ኢርሻድ ቻውድሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች እንደገለጹት፣ በሰመመን ያሉ አይጦች ሆዳቸው ተቀዶ የደም ግፊታቸው ወደ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እስኪወርድ ደማቸው እንዲፈስ ተደረገ፤ በዚሁ ሁኔታም 90 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ሲሰጣቸው ለከፊሎቹ ግሉኮዛሚን ተጨመረላቸው። የእነዚህ ልብ የተሻለ ሠራ፤ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚደርሰውም ደም ጨመረ።

ነገር ግን ይህ ከስኳሯ መለጠፍ ጋር የማይገናኝ የግሉኮዛሚን ሌላ ጠባይ ቢሆንስ? ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን አላለፉትም። ስኳሯን የሚነቅለውን ኢንዛይም የሚያግድ ሌላ ውህድ ሰጥተው ሞከሩ፤ ልብ አሁንም ተጠቀመ። እኛን ይበልጥ ያሳመነን ይኸኛው ሙከራ ነው። በኋላም እስከ 24 ሰዓት በተደረገ ክትትል ከሞት የተረፉት አይጦች በዝተው፣ ብግነቱም ቀንሶ ተገኘ።

ታዲያ ይህን ያነበበ ወጣት ወደ ስኳር ዕቃው እንዳይሮጥ! ይኸው መለጠፍ ለረዥም ጊዜ ከልክ ሲያልፍ፣ በስኳር በሽታ እንደሚታየው፣ ልብንና የደም ሥሮችን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ለጉልበት ሕመም በየፋርማሲው የሚሸጠው የግሉኮዛሚን እንክብልም ለደም መፍሰስ መድኃኒት አይደለም። ግኝቱ የአይጥ ነው፤ በሆስፒታል የተለመደ ሕክምና አልሆነም።

ደም የሚፈሰው ሰው አጠገባችሁ ቢኖር፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ጨርቁ በደም ቢርስ አታንሱት፤ ሌላ ደርቡበት። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ወደ ሐኪም እስኪደርስም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም ቶሎ አይረጋምና።